በአሸዋ ላይ የሚጸኑ ቍጥቋጦዎች፦ ከሥራቸውና ከቅርንጫፋቸው ምን እንማራለን?



በዚህ የጥናት ክፍላችን የምንመለከተው ርእስ በመጀመሪያ ሲታይ ከደብራችን ደጅ የራቀ ሊመስል ይችላል። የምድረ በዳ ቍጥቋጦ ሥሩንና ቅርንጫፉን ከአሸዋ ጋር እንዴት እንደሚያስማማ ማወቅ ለሰበካ ጉባኤ ምን ይረባዋል የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስደንቀንም። እኛ ግን ይህን ትምህርት ለማዘጋጀት የተነሣነው ከመጻሕፍት አስቀድሞ ከራሳችን ስሕተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የቆላ አጥቢያ፣ ክረምት ብቻ ውኃ ከሚወርድበት አሸዋማ ወንዝ አጠገብ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዐጸድ ለማስፋት ችግኝ አስተክለን ነበር። ችግኞቹን የመረጥነው እኛ ነበርን። ቁመቱ የረዘመውን፣ ቅጠሉ የለመለመውን እየለየን በጭነት መኪና አመጣን። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የወንዙን አሸዋ እየቆፈሩ ውኃ ይቀዱ፣ በየማታውም ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ አንድ ጣሳ ያጠጡ ነበር። እስከ ጥር ድረስ ተክሉ ሁሉ ያማረ ነበር። የበጋው ፀሐይ ሲበረታ ግን ከቀን ወደ ቀን እየጠወለገ ሄደ፤ ሚያዝያ ሳይጋመስም አብዛኛው ደረቀ። ወጣቶቹ ያፈሰሱት ላብ በከንቱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለሌላ ሥራ ስንጠራቸው እግራቸው መክበዱን አስተዋልን፤ አልፈረድንባቸውም።

የደብሩ አንድ አረጋዊ ቄስ ከደረቁት ችግኞች አንዱን ነቅለው አሳዩን። «ልጆቼ፣ ይህ እኮ ከመጣበት ከረጢት ገና አልወጣም» አሉን። እውነታቸውን ነበር። ፕላስቲኩ ቢወልቅም ሥሩ የፕላስቲኩን ቅርጽ እንደ ያዘ፣ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ቀርቷል። ቀጥለውም ወደ ወንዙ ዳር ወሰዱን። ጎርፍ በናደው ገደል ላይ ማንም ያልተከለው አንድ ጦቢያ ቆሟል። ከአሸዋው በላይ ያለው ቁመቱ ከወገባችን አይበልጥም፤ ጎርፉ ያጋለጠው ሥሩ ግን ከሰው ቁመት በላይ ወደ ታች ወርዶ፣ ጫፉ ገና አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ አይታይም ነበር። «ይህንንስ ማን አጠጣው?» ሲሉ ጠየቁን። የምንመልሰው አልነበረንም። ከዚህ በታች ያለው ትምህርት ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልሳችን ነው።

፩. አሸዋ ምን ዓይነት ማደሪያ ነው?

ብዙዎቻችን አሸዋን ውኃ የማይይዝ፣ ከአፈር ሁሉ የከፋ አድርገን እናስባለን። ዝናብ በበዛበት ደጋ ይህ አሳብ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። በደረቅ አገር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል።

10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በደረቅ አሸዋ ላይ ቢወርድ በግምት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ያርሳል። ያው ዝናብ በሸክላማ መሬት ላይ ቢወርድ የሚያርሰው ከዚህ ሲሶውን ያህል ብቻ ነው፤ ሸክላ ብዙ ውኃ ስለሚይዝ እርጥበቱን ከላይ ያስቀረዋል። ከላይ የቀረውን ውኃ ደግሞ ፀሐይ ወዲያው ትወስደዋለች። አሸዋ ግን የተቀበለውን ወደ ጥልቀቱ ያሳልፋል። የላይኛው ንብርብር ፈጥኖ ሲደርቅ እንደ ክዳን ይሆንና የታችኛውን እርጥበት ከፀሐይ ይሸሽገዋል። ስለዚህ በበረሃ አሸዋ ላይ ቆመን እግራችን በግለት ሲቃጠል፣ ከክንድ ጥልቀት በታች ግን እጅን የሚያቀዘቅዝ እርጥብ አሸዋ ልናገኝ እንችላለን። ከደረቅ ወንዝ ውስጥ ውኃ ቆፍሮ የሚያወጣ የቆላ ሰው ይህን ከእኛ በላይ ያውቀዋል።

አሸዋ ይህን በጎነት ይዞ ሦስት ብርቱ ፈተናዎች አሉበት። አንደኛው ድህነቱ ነው፤ ተክል የሚመገበው ንጥረ ነገር በአሸዋ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ያለውም በቀላሉ ታጥቦ ይሄዳል። ሁለተኛው ግለቱ ነው፤ በቀትር የአሸዋው ገጽ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል። ሦስተኛው አለመርጋቱ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ አሸዋ ከአንዱ ቦታ ተገፍፎ በሌላው ላይ ይከመራል። ስለዚህ በአሸዋ ላይ የሚኖር ተክል ውኃን በጥልቀት መፈለግ፣ በጥቂት ምግብ መኖር፣ መቃጠልን መከላከል፣ መቀበርንም መራቆትንም መቻል ይኖርበታል።

፪. ነቢዩ ኤልያስ የተጠለለበት ቍጥቋጦ

ለዚህ ጥናት ምሳሌ የመረጥነው ቍጥቋጦ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ የአንድ ቀን መንገድ ከሄደ በኋላ ከጥላው በታች የተቀመጠበት ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ክትክታ» ይለዋል፤ በዕብራይስጡ ግን ስሙ «ሮቴም» ነው። ዐረቦችም እስከ ዛሬ «ረተም» ይሉታል። የዕፀዋት ሊቃውንት «ሬታማ ሬታም» በሚል ስም መዝግበውታል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 33 እስራኤል ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዷ የሆነችው ሪትማም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ተክል እንደ ሆነ ይታመናል።

እኛ በአገራችን ክትክታ የምንለው ተክል በተራቆቱ ኮረብቶችና በድንጋያማ ተዳፋቶች ላይ የሚበቅል ሌላ ዘር ነው። ሮቴም ግን የባቄላና የአተር ወገን ነው። በሲና፣ በኔጌቭ፣ በሰሜን አፍሪካና በዐረብ ምድር በአሸዋና በደረቅ ወንዞች ዳር ይበቅላል። የሚያድገው በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ሜትር ነው። በክረምታቸው መጨረሻ፣ ገና ሌላው በረሃ ሳያብብ፣ ነጭ አበባ ያወጣል። ከሩቅ ሲያዩት ቅጠል የሌለው፣ የቀጭን ዘንጎች እቅፍ ይመስላል። ለአንድ የደከመ መንገደኛ የሚሰጠው ጥላም ስስ ነው፤ በዚያ ምድር ግን ከዚህ የተሻለ ጥላ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

፫. ሥር፦ ወደ ታችና ወደ ጎን

የሮቴምና የመሰሎቹ ሕይወት የተመሠረተው ሰው በማያየው በኩል ነው። ከዘሩ የወጣው ቡቃያ በመጀመሪያ የሚቸኵለው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ነው። ዝናቡ ያራሰው አሸዋ ከላይ እየደረቀ ሲወርድ የቡቃያው ሥር ከድርቀቱ ቀድሞ መውረድ አለበት። ከቀደመ ይኖራል፤ ከተቀደመ ይሞታል። ስለዚህ የአንድ ክረምት ዕድሜ ያለው የበረሃ ቡቃያ ከመሬት በላይ ጣት የማያህል ሲሆን ሥሩ ከዚያ ብዙ እጥፍ ሊረዝም ይችላል።

የጎለመሰ ቍጥቋጦ ሥሩን በሁለት ይከፍለዋል። ዋናው ሥር በቀጥታ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ሥራውም ለበጋ ወራት የሚሆነውን እርጥበት መፈለግ ነው። በአፋር ቆላም የሚገኘውን፣ ቅጠል አልባ የሆነውን ሌፕታዴንያ የተባለውን ቍጥቋጦ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በግብፅ በረሃ ያጠኑ ሊቃውንት ሥሩ ከ11 ሜትር በላይ ወርዶ አግኝተውታል። የጎን ሥሮች ደግሞ ከአሸዋው ገጽ ብዙ ሳይርቁ በዙሪያው ይዘረጋሉ፤ ከቅርንጫፎቹ ጥላ ውጭ ብዙ ሜትር ሊሄዱ ይችላሉ። የእነዚህ ሥራ ጥቂት ዝናብ እንኳ ቢወርድ ፈጥኖ መቀበልና ተክሉን በነፋስ እንዳይወድቅ ማሰር ነው። በበረሃ ቍጥቋጦዎች መካከል ያለው ባዶ የሚመስል ቦታም በእውነቱ ባዶ አይደለም፤ ከታች ሥር ይዞታል። ቍጥቋጦዎቹ ተራርቀው የሚቆሙት ያለችውን ውኃ ለመካፈል ነው።

ከሥሩ ርዝመት ሌላ ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል።

የመጀመሪያው የአሸዋ ልባስ ነው። ብዙ የአሸዋ ተክሎች፣ በተለይም ሣሮቹ፣ ከሥራቸው የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣሉ። የአሸዋው ቅንጣቶች በዚህ ፈሳሽና በጥቃቅን የሥር ፀጉሮች ተያይዘው ሥሩን እንደ እጅጌ ይሸፍኑታል። ይህ ልባስ ሥሩ ከአሸዋው ጋር ያለውን ግንኙነት እንዳያጣ፣ ውኃውንም መልሶ እንዳያፈስ ይረዳዋል።

ሁለተኛው ከጥቃቅን ሕያዋን ጋር ያለው ኅብረት ነው። ሮቴም የባቄላ ወገን እንደ መሆኑ በሥሩ ላይ አንጓዎች አሉት። በአንጓዎቹ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ምግብ ያደርጉለታል፤ ተክሉም በፋንታው ስኳር ይሰጣቸዋል። ስለዚህ በድኻ አሸዋ ላይ ሲኖር አሸዋውን አያደኸየውም፤ የሚረግፈው ቅጠልና አበባ በዙሪያው ያለውን መሬት ያለማዋል።

ሦስተኛው በሌሊት የሚደረግ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ አንድ የሰሜን አሜሪካ ደረቅ ምድር ቍጥቋጦ የወጣ ጥናት ጥልቁ ሥር ያገኘውን ውኃ ሌሊት ወደ ላይ አምጥቶ በጎን ሥሮች በኩል ወደ ደረቀው የላይኛው አፈር እንደሚያፈስ አሳይቷል። ያ ተክል የእኛ የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ ነው። በቀን ያን ውኃ መልሶ ይጠጣዋል፤ አጠገቡ የበቀሉ ሥረ አጭር ተክሎችም ከዚያው ይካፈላሉ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ነገር በሌሎች ብዙ ተክሎች ላይ ታይቷል።

፬. ቅርንጫፍ፦ ማነስን የመረጠ አካል

ቅጠል ለተክል የምግብ ማብሰያው ቢሆንም ውኃ የሚወጣበት በርም ነው። በበረሃ ሰፊ ቅጠል መያዝ በበጋ በሩን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። ሮቴም የሚያወጣቸው ቅጠሎች ጥቃቅን ናቸው፤ ወዲያውም ይረግፋሉ። ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የመሥራቱን ተግባር አረንጓዴዎቹ ዘንጎች ይረከባሉ። የዘንጎቹ ገጽ እንደ ፈር ሸንተረር አለው፤ የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹ በፈሮቹ ውስጥ ገብተው በጥቃቅን ፀጉሮች ተከልለዋል። ደረቁ ነፋስ በቀጥታ ስለማያገኛቸው የሚወጣው ውኃ ያንሳል።

ድርቁ ሲጸና ደግሞ ሮቴም ይበልጥ የሚያስደንቅ ሥርዐት አለው። ለፀሐይ የተጋለጡት የላይኞቹ ዘንጎች ሥራቸውን አቁመው እንደ ማንቀላፋት ይላሉ፤ የሞቱ ግን አይደሉም። በእነርሱ ጥላ ሥር ያሉት የታችኞቹ ዘንጎች እየሠሩ ይቆያሉ። ዝናብ ሲመጣ የተኙት ብዙ ሳይቆዩ ይነቃሉ። ላዩ ታችኛውን እየጋረደ ተክሉ በሙሉ ይተርፋል። አንድ ሰው በበጋ መካከል ሮቴምን አይቶ «ደርቋል፤ ይቆረጥ» ቢል የሚቆርጠው ሕያው ተክል ነው።

ሌሎችም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ዐረቦች «አርጣ» የሚሉት ካሊጎነም የተባለው የአሸዋ ክምር ቍጥቋጦ ለጋ አረንጓዴ ቅርንጫፎቹን ሳይቀር በደረቁ ወራት ያረግፋል፤ የሚሸከመውን አካል ቀንሶ እንጨት በሆነው ክፍሉ ይቆያል።

የቅርንጫፎቹ አቀማመጥም ሥራ አለው። አብዛኞቹ የአሸዋ ቍጥቋጦዎች አንድ ወፍራም ግንድ የላቸውም፤ ከሥር ጀምሮ ብዙ ቀጫጭን ዘንግ ያወጣሉ። ነፋስ የሚነዳው አሸዋ በብዛት የሚሄደው ከመሬት ብዙ ሳይርቅ ነውና ከታች የበዙት ዘንጎች የነፋሱን ኀይል ያበርዱታል። ነፋሱ ሲበርድ የተሸከመውን አሸዋ ይጥላል። እንዲህ ሆኖ በቍጥቋጦው ሥር ትንሽ ጉብታ ይሠራል። በጉብታው ላይ የረገፈ ቅጠል፣ ነፋስ ያመጣው ዘር፣ የወፍና የእንስሳ ፋንድያ ይከማቻል። በባዶ ሜዳ መካከል ያለች ለም ደሴት ትሆናለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ነፋስን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ግንብ አሸዋን በደንብ አያስቆምም፤ ነፋሱ ከላዩ ዘልሎ ከጀርባው ይሽከረከርና አሸዋውን መልሶ ይቆፍረዋል። ግማሹን አስተላልፎ ግማሹን የሚይዝ የቍጥቋጦ ዐጥር ግን ነፋሱን ሳያስቈጣ ያዳክመዋል።

፭. መቀበርና መራቆት

አሸዋ ሲከመር ተራ ተክል ታፍኖ ይሞታል። የአሸዋ ቍጥቋጦ ግን የተቀበረው ቅርንጫፉ አዲስ ሥር ያወጣል፤ ከላይ የቀረው ጫፍም ወደ ላይ ያድጋል። በሲናና በኔጌቭ አሸዋ ላይ የሚበቅለው ሌላው የአሪቲ ዘመድ፣ አርጤሚሲያ ሞኖስፐርማ የተባለው፣ በዚህ ይታወቃል። በብዙ በረሃዎች የሚገኘው ታማሪክስም እንዲሁ ነው። አሸዋው ከፍ ባለ ቍጥር እነርሱም አብረው ከፍ ይላሉ፤ ረጅም ዘመን በቆየ ጊዜ ጉብታው ኮረብታ ያህላል። ቅርንጫፍ የነበረው ወደ ሥርነት መለወጡ የእነዚህ ተክሎች ትልቁ ሀብታቸው ነው።

ነፋስ አሸዋውን ሲገፍፈው ደግሞ ተቃራኒው ፈተና ይመጣል፤ ሥር ራቁቱን ይቀራል። የካሊጎነም ሥር በእንዲህ ያለ ጊዜ በወፍራም ቅርፊት ተሸፍኖ ከፀሐይና ከሚፍቀው አሸዋ ይጠበቃል። አንዳንዱም ከተጋለጠው ሥሩ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል። እንግዲህ የአሸዋ ቍጥቋጦ እንደ አስፈላጊነቱ ቅርንጫፉን ሥር፣ ሥሩንም ቅርንጫፍ ሊያደርግ ይችላል። ከተቆረጠም ከሥሩ ዳግመኛ ያቆጠቍጣል። መልሶ የማይተካው ሥሩ ጭምር ለማገዶ ሲነቀል ነው። ሮቴም ፍሙ ቶሎ ስለማይጠፋ ከጥንት ጀምሮ ለከሰል ይፈለጋል፤ በየቦታው የቀነሰበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

፮. ሰዎች ከቍጥቋጦ የተማሩት፣ ሳይማሩም የቀሩት

በቻይና ሰሜን ምዕራብ፣ ሻፖቶው በሚባለው ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 አገልግሎት የጀመረው የባቡር ሐዲድ በቴንገር በረሃ የአሸዋ ክምር መካከል ያልፋል። ሐዲዱ እንዳይቀበር መሐንዲሶቹ ያደረጉት ከቍጥቋጦው የተቀዳ ነበር። ገለባ በአሸዋው ውስጥ እየተከሉ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ አራት ማዕዘኖችን እንደ ገበጣ ሰሌዳ ዘረጉ። ከአሸዋው በላይ የሚታየው ገለባ ቁመቱ ከስንዝር ብዙ አይበልጥም ነበር። ነፋሱ በዚያ ላይ ሲያልፍ ይዳከማል፤ አሸዋው ይረጋል። ገለባው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይበሰብሳል፤ እስከዚያ ግን በመካከሉ የተተከሉት ቍጥቋጦዎች ሥር ይሰድዳሉ። ሐዲዱ እስከ ዛሬ ይሠራል።

የዚያው ስፍራ ታሪክ ሌላም ያስተምራል። አሸዋው ከረጋ በኋላ በዓመታት ውስጥ በገጹ ላይ ከደቃቅ አፈርና ከጥቃቅን ሕያዋን የተሠራ ስስ ቅርፊት ተፈጠረ። ቅርፊቱ ዝናቡን ከላይ ያስቀረው ስለ ጀመር ወደ ጥልቁ የሚወርደው ውኃ አነሰ። በመጀመሪያ የተተከሉት ሥረ ጥልቅ ቍጥቋጦዎች እየሳሱ፣ ሥራቸው አጭር የሆኑ ተክሎች እየበዙ ሄዱ። ስለዚህ የተከልነው ሁሉ ለዘላለም እንደ ነበረ ይቀጥላል ብለን አናስብ፤ መሬቱ ሲለወጥ የሚስማማውም ተክል ይለወጣል።

በአገራችን ደግሞ የሚያስጠነቅቀን ምሳሌ አለ። ፕሮሶፒስ የተባለው ከደቡብና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ እሾሃም ተክል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ አፋር ቆላ የገባው ለጥላና ለመሬት ጥበቃ ተብሎ በበጎ አሳብ ነበር። የዚህ ወገን ሥር እጅግ ጥልቅ ነው፤ በአሜሪካ አሪዞና በአንድ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የዘመዱ ሥር በ53 ሜትር ጥልቀት መገኘቱ ተመዝግቧል። ፍሬውን ከብቶች በልተው ዘሩን በየሄዱበት ጣሉት። ዛሬ በአዋሽ ዳርቻ ሰፊ የግጦሽ መሬት ወስዶ አርብቶ አደሩን አስጨንቆታል። ስለዚህ «ድርቅ ይችላል» የሚለው ምስክርነት ብቻውን ለመትከል በቂ ምክንያት አይደለም። ማን ይበላዋል፣ ማን ይገታዋል፣ የጎረቤትን መሬት ይወስድ ይሆን ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

፯. ለአጥቢያችን ሥራ የሚሆኑ ምክሮች

ከላይ ያየነውን ይዘን ወደ ደረቁት ችግኞች እንመለስ። ግማሽ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ውኃ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክብ ላይ ሲፈስ፣ ከ7 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጋር እኩል ነው። በአሸዋ ላይ የሚያርሰውም 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወጣቶቹ በየማታው ያጠጡትን ውኃ በማግስቱ ፀሐይ ትወስደው ነበር። ሥሩም ወደ ታች የሚወርድበት ምክንያት ስላልነበረው እዚያው ከላይ፣ አሸዋው በሚግልበት ቦታ፣ ተቀመጠ። በፍቅርና በድካም፣ ችግኙን ሥር እንዳይሰድድ አስለመድነው ማለት ነው። ስለዚህ በአሸዋማና በደረቅ ቆላ ለሚገኙ አጥቢያዎች የሚከተለውን እንመክራለን።

ሀ. ችግኝን በቅጠሉ አንምረጥ። ጥቂቶቹን ከከረጢታቸው አውጥተን ሥራቸውን እንይ። ቁመቱ መካከለኛ ሆኖ ሥሩ ቀጥ ያለው፣ ረዝሞ ሥሩ ከተጠቀለለው ይሻላል። በችግኝ ጣቢያ ብዙ የቆየ ችግኝ ሲያምር ያታልላል።

ለ. ሲተከል ከረጢቱ ፈጽሞ ይውለቅ። ከግርጌ የተጠማዘዘ ሥር ካለ በስለታም ምላጭ ይቆረጥ፤ የተጠማዘዘ ሥር በራሱ አይቃናም።

ሐ. ከመትከላችን በፊት አሸዋውን በእጃችን ቆፍረን እንፈትነው። እርጥበቱ አንድ ክንድ ያህል ከወረደ ጊዜው ደርሷል። የክረምቱ መጀመሪያ ከክረምቱ መጨረሻ ይሻላል፤ ሥሩ እርጥበቱን ተከትሎ ለመውረድ ጊዜ ያገኛልና።

መ. ጉድጓዱ ጠለቅ ይበል፤ የችግኙ ሥር እርጥብ በሆነው አሸዋ ውስጥ ይረፍ።

ሠ. ውኃ በየቀኑ በጥቂቱ ሳይሆን በየተወሰነ ጊዜ በብዛት ይጠጣ። የዐሥር ቀኑ ዐሥር ጣሳ በአንድ ቀን ቀስ ተብሎ ቢፈስ ወደ ጎን የሚሄደው ተቀንሶ እንኳ ወደ ክንድ ጥልቀት ይደርሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጊዜው ይቅረብ፤ ኋላ እየተራራቀ ይሂድ። ድካሙ ያው ነው፤ ፍሬው ግን ይለያል። ውኃ በቀስታ የሚያዥ የሸክላ ማሰሮ ከችግኙ አጠገብ ቀብሮ መሙላትም በደረቅ አገሮች የተፈተነ ዘዴ ነው።

ረ. አሸዋው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከችግኙ በፊት ነፋሱ ይገታ። የማሽላ አገዳ ወይም ገለባ በአንድ ሜትር ካሬ እየተከሉ ማሰለፍ ይቻላል። ዐጥሩ ነፋስ የሚያሳልፍ ይሁን እንጂ አይደፈን።

ሰ. በቦታው ያለውን ቍጥቋጦ «ለማጽዳት» ብለን አንመንጥር። በጥላውና በጉብታው ላይ አዲሱን ችግኝ ብንተክል ቍጥቋጦው ሞግዚት ይሆነዋል። በበጋ የደረቀ የሚመስለውንም ክረምት ሳይፈትነው አንፍረድበት።

ሸ. አራርቀን እንትከል። ከላይ ባዶ የሚመስለው ቦታ የሥር መንገድ ነው። ብዙ ተክለናል ለማለት ቁጥር ከማብዛት፣ ጥቂት ተክለን ብዙ ማጽደቅ ይበልጣል።

ቀ. ከአካባቢው ዘር እንሰብስብ። በቦታው የኖረ ተክል ዘሩ በዝናብ መግቢያ በቀጥታ ቢዘራ፣ ሥሩ ምንም ከረጢት ሳያግደው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። የትኛው ተክል እንደሚጠቅምና እንደሚጎዳ የአካባቢው አረጋውያንና እረኞች ያውቃሉ፤ እነርሱን ሳንጠይቅ ከሩቅ አናምጣ።

በ. ከብትና ፍየል ቢያንስ ሁለት ክረምት ይከልከል። ሥር እየሰደደ ያለ ተክል ከላይ ብዙ የሚያሳየው ስለሌለው ሰው አይቶ ይንቀዋል፤ ፍየል ግን አይንቀውም።

በዚያ በጠቀስነው አጥቢያ በቀጣዩ ዓመት ያስተከልነው ከፊተኛው ያነሰ ነበር። መኪናም አላስፈለገንም፤ አረጋዊው ቄስና ሁለት እረኞች ዘሩን አሳዩን፣ ወጣቶቹ ሰበሰቡ። በመጀመሪያው በጋ የጎበኘን ሰው ሁሉ «የተከላችሁት የት አለ?» ይለን ነበር፤ ከአሸዋው በላይ የሚታየው ከጣት አይበልጥም ነበርና። እኛም ለጥቂት ጊዜ ተጨነቅን። ሁለተኛው ክረምት ሲገባ ግን ማንም ሳያጠጣቸው የቆዩት ቡቃያዎች አቆጠቆጡ። ሁሉም አልጸደቁም፤ የጸደቁት ግን ቆመዋል። ከእነዚያ ወጣቶች መካከልም ተመልሰው የመጡ አሉ።

፰. ለሰበካ ጉባኤ የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፉት ዓመታት በአጥቢያችን ከተተከሉት ችግኞች ስንቶቹ ዛሬ አሉ? የተከልነውን ቁጥር እንጂ የጸደቀውን ቁጥር መዝግበን እናውቃለን?

2. በዐጸደ ቤተ ክርስቲያናችንና በአካባቢው ማንም ሳያጠጣው በበጋ የሚቆይ ቍጥቋጦ የትኛው ነው? ስሙንና ጥቅሙን የሚያውቁ አረጋውያን እነማን ናቸው?

3. የውኃ አጠጣጣችን ሥርን ወደ ታች የሚጠራ ነው ወይስ ከላይ የሚያስቀር? አንዱን ችግኝ ቆፍረን እንመልከት።

4. ለዘንድሮው ክረምት ከሰኔ በፊት ልናዘጋጀው የሚገባን ምንድን ነው፤ ዘር፣ አገዳ፣ ጉድጓድ ወይስ የጥበቃ ስምምነት? ማን ኀላፊነቱን ይወስዳል?

5. ለልማት ድርጅቶችና ለእኛ ለኮሚሽኑ ሠራተኞች ሪፖርት ስታቀርቡ በአንድ ዓመት የሚታይ ልምላሜ እንድታሳዩ ተጭነናችሁ እናውቃለን? ከሆነ ሳትሸሽጉ ንገሩን፤ እኛም ሥር ለሚሰድበት ሥራ ጊዜ መስጠትን ከእናንተ ጋር እንማራለን።